የኔታና ቀዩ መብራት

ሰው ስለ መኪና ሲያወራ ስለ ሞተርና ስለ ጎማ ነው የሚያወራው። እኔ ዛሬ የማወጋችሁ ግን ከመሪው አጠገብ ስለሚበሩት ስለ እነዚያ ትንንሽ መብራቶች ነው። ከባቄላ ፍሬ አይበልጡም። አንዱ ድስት ይመስላል፣ አንዱ ጀበና ይመስላል፣ አንዱ ደግሞ ምንም አይመስልም። መኪናዋን ስታስነሷት ሁሉም ባንድ ጊዜ ቦግ ብለው ልባችሁን ይሰቅሉና ወዲያው ይጠፋሉ። ሳይጠፋ የቀረ ካለ፣ እሱ የሚነግራችሁ ነገር አለው። ይህን የማውቀው አሁን ነው። ያኔ ግን መብራት ሲበራ መኪናዋ በደስታ ሥራ ላይ መሆኗን የሚያሳይ ይመስለኝ ነበር።

የሚያስቀው ነገር፣ እኔ በሙያዬ የምልክት ሰው ነኝ። አርብ ገበያ በምትባል የጋይንት ከተማ የምሠራ የጤና መኮንን ነኝ። ጠዋት ጠዋት ወረፋ ለያዘው ሰው ቆሜ የምሰብከው አንድ ነገር ነው፤ "ምልክት ስታዩ አትደብቁ፤ አትቆዩ፤ ቶሎ ኑ።" ይህን ብዬ ብዬ ድምፄ ሻክሯል። ሰዉ አንገቱን እየነቀነቀ "እሺ ዶክተር" ይለኛል፤ ዶክተር አለመሆኔን ብነግረው አይሰማኝም። ከዚያ ቤቱ ይገባና ለምልክቱ ስም ያወጣለታል። ብርድ ነው ይላል፣ ምች ነው ይላል፣ ዕድሜ ነው ይላል። ስም ከወጣለት በኋላ ምልክቱ ቤተ ዘመድ ይሆናል፤ ቤተ ዘመድን ደግሞ ማን ከቤቱ ያስወጣል? ነገሩ ከአልጋ ሲጥለው በቃሬዛ ይመጣል።

አማቴም ያደረጉት ይህንኑ ነው። የባለቤቴ የስመኝ አባት መርጌታ ጥበቡ ይባላሉ፤ እዚያው ጋይንት ባለው በቤተ ልሔም ደብር ድጓ ሲያስተምሩ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰው ናቸው። ድጓ የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ ነው። ከፊደሉ አናት ላይ ደቃቅ ምልክቶች ሰፍረውበታል፤ ይህ ድምፅህን አንሣ፣ ያ ዝቅ አድርግ፣ ይህ ጎትት፣ ያ ቁረጥ የሚሉ። አንዲት ጭረት የዘለለ ተማሪ ከእሳቸው ፊት በሰላም አይነሣም። እኔ ዜማ ከእሳቸው ባልማርም የምጠራቸው የኔታ እያልሁ ነው፤ አገሩ ሁሉ የሚጠራቸው እንደዚያ ነው።

ከኅዳር ወዲህ የኔታ ከሱ። "ጾም ነው" አሉ፤ አመንናቸው። ገና መጣ፣ ጾሙ ተፈታ፣ ሰዉ ሁሉ ፊቱ ሲመለስ የእሳቸው አንገት ከቀሚሳቸው ኮሌታ እየራቀ ሄደ። ስመኝ እንቅልፍ አጣች። "የሰው አባት ስታክም ትውላለህ፤ የእኔ አባት ግን ዓይኔ እያየ ሊያልቅብኝ ነው" አለችኝ። ምን ላድርግ? ጠየቅኋቸው።

"የኔታ፣ የሚያምዎት ነገር አለ?"

"ተመስገን።"

ምርመራው እዚህ ላይ ያልቃል። ሰውየው ተመስገን ካለ በኋላ "እሱስ ይሁን፣ ሽንትዎ እንዴት ነው?" ብሎ አማቱን የሚጠይቅ አማች በጋይንት ገና አልተወለደም። እኔም የመጀመሪያው ልሆን አልደፈርሁም።

ስመኝ መላ ዘየደች። ደብረ ታቦር ያለችው እህቷ ወልዳ ነበርና ክርስትናው እሑድ ነው። የልጅ ልጅ ክርስትና ላይ አልሄድም አይሉም። "ይዘሃቸው ሂድ፤ ድግሱ ይለፍና ሰኞ ጠዋት በዘዴ ሆስፒታል ታስገባቸዋለህ" አለችኝ። በዘዴ የምትለዋን ቃል እኔ ላይ ስትጥል አንዳች አላሳሰባትም። በአውቶቡስ ደግሞ አጥንታቸው አይችልም። ደግነቱ ባሕር ዳር የሚነግደው ወንድሟ አዱኛ እኛ ዘንድ ሰንብቶ፣ እህል ባስጫነበት የጭነት መኪና ሲመለስ አዲሷን የኤሌክትሪክ መኪናውን ተወልን። ደብረ ታቦር ላይ ሊረከበን ነው። እኔ መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ የሌለኝ መኪና ብቻ ነው።

አዱኛ ከመሄዱ በፊት ቆሞ አስተማረኝ። መኪናዋ የቻይና ናት፤ የምትናገረውም የምትጽፈውም በቻይንኛ ነው። "ጽሑፉን ተወው፤ ቀለሙን እይ" አለኝ። "አረንጓዴና ሰማያዊ ወሬ ነው። ቢጫ ሲበራ 'እስቲ እኔን ተመልከተኝ' እያለህ ነው፤ ድስት መሳይዋ ለምሳሌ ጎማ ናት። ቀይ ከበራ ግን ወሬ የለም፤ ጥግ ትይዝና ታጠፋታለህ።" ይህን ያህል ቀላል ነው። ከአንድ ጊዜ በላይ እንኳን አላስደገምሁትም።

ዓርብ ጠዋት፣ ከዋዜማው እኛ ዘንድ መጥተው ያደሩት የኔታ ነጭ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ ጋቢያቸውን ደርበው ከጎኔ ተቀመጡ። ቁልፏን ተጫንሁ።

"በል አስነሣት እንጂ" አሉኝ።

"ተነሥታለች የኔታ።"

"ድምፅ የላትም እኮ!"

ዕድሜ ልካቸውን ድምፅ ሲያርሙ ለኖሩ ሰው ድምፅ የሌለው ነገር አያስተማምንም። በሩን ከፍተው ሊወርዱ ሲሉ መኪናዋ ቲን፣ ቲን፣ ቲን ማለት ጀመረች። የኔታ እግራቸውን መለሱና ጆሯቸውን አዘነበሉ። "አላት ለካ" አሉ። "አራራይ ቢጤ ናት።" አራራይ ሆድ የሚያባባው ዜማ ነው። መኪናዋ ግን የምታባባን ቀበቶ እንድናስር ነበር።

"የኔታ፣ ይችን ቀበቶ ይታጠቋት።"

"ምን አጥፍቼ ነው የምታስረኝ?" አሉና ዓይናቸው መብራቶቹ ከሚበሩበት ሰሌዳ ላይ ተተከለ። የሌላ መኪና ሰሌዳ ከነጂው ፊት ነው፤ የዚህችኛዋ ግን እንደ ቴሌቪዥን መካከል ላይ ተገትሯል። እዚያ ላይ አንዲት የሰው ምስል በቀይ በርታለች፤ ከትከሻዋ ወደ ወገቧ መታጠቂያ በሰያፍ ወርዶባታል። የኔታ ቀረብ ብለው አዩዋት።

"ዲያቆን ነው" አሉ። "እንዲህ አድርጎ የሚያደገድግ ዲያቆን ነው። የተጻፈውም በቀይ ነው። ሊቀ ዲያቆናት እስጢፋኖስ ሳይሆን አይቀርም። ሠሪው የተባረከ ሰው ነው።"

ማረም ነበረብኝ። ግን ከስንት ጊዜ በኋላ ፊታቸው ሲፈታ አየሁና አሳዘኑኝ። ዝም ብዬ ቀበቶውን ከጀርባቸው አዙሬ ቀረቀርሁት፤ ብዙ ሹፌር እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ መኪናዋን ማታለል ይባላል። ቲን ቲን ጠፋ። ቀዩ ምስልም ጠፋ።

"ወዴት ሄደ?" አሉ የኔታ።

"ማን የኔታ?"

"እስጢፋኖስ ነዋ! ምን አስቀየመው?"

አስረዳለሁ ብዬ ብጀምር ጉዞው ሊቀር ነው። ቀበቶውን ፈታሁት። እስጢፋኖስ ተመለሰ፤ ቲን ቲኑም አብሮት መጣ። "እንዲህ ይሻላል፤ መንገድ ነው፣ ብቻችንን አንሁን" ብለው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ስለ ደኅንነት የማስተምር ሰው አማቴን ሳላስታጥቅ፣ ጆሮዬ ሥር ቲን ቲን እየተባለ ጉዞ ጀመርሁ።

ዓርብ ደግሞ የከተማችን ገበያ ነው። አህያው፣ ገበሬው፣ ስልቻው፣ ፍየሉ መንገዱን ሞልቶታል። ሌላ መኪና ሲመጣ ሩቅ ሳለ ይሰማና ሕዝቡ ገለል ይላል። እኛን የሰማን የለም። አንዲት ሴት ከመኪናዋ አፍንጫ ተደግፈው የሽንብራ ዋጋ ይከራከራሉ። ጥሩምባ ብነፋ ደንግጠው ዘለሉና "አንተ! እንደ ሌባ ከኋላ ትመጣለህ?" ብለው ወረዱብኝ። አህዮቹማ ጥሩምባውንም ከቁም ነገር አልቆጠሩት። የኔታ መስኮቱን ዝቅ አድርገው "ልጆቼ፣ እባካችሁ አሳልፉን፤ ድምፅ የላትም፣ አትፍረዱባት" እያሉ መንገድ ያስከፍቱ ገቡ። ከገበያው የወጣነው በመኪናዋ ጉልበት ሳይሆን በእሳቸው ልመና ነው።

ከከተማ ከወጣን በኋላ ፀሐይዋ ሰሌዳው ላይ ወደቀችና ምንም አልታይ አለኝ። መንገዱ ደግሞ በአንድ ወገን ገደል ነው፤ ዓይንን ከመንገዱ ማንሣት አይፈቅድም። የኔታ ጋቢያቸውን ዘርግተው ሰሌዳውን እንደ ድንኳን ጋረዱት። ለእሳቸው ወለል ብሎ ታያቸው፤ ለእኔ ጭራሽ ተሸፈነ። ያን ጊዜ አንድ ትልቅ ብልሃት መጣልኝ። ደግሞ ወዴት እንደምወስዳቸው እንዳያስቡ ሥራ ቢይዙ ጥሩ ነው አልሁ።

"የኔታ፣ እርስዎ ምልክት ያዩልኝ። አዲስ ነገር ሲበራ ይነግሩኛል፤ እኔ መንገዴን ላይ።"

"እሱማ ሥራዬ አይደል!" አሉኝ። ድጓ ላይ የጎበጠ ጀርባቸው ሲቃና አየሁት።

የቀለሙን ሕግ ግን አልነገርኋቸውም። ለምን እንደሆን አሁንም አላውቅም፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀው መሰለኝ።

ብዙም ሳንሄድ "አለ!" አሉ። "ቢጫ ነው። ድስት ውስጥ አንዲት ዱላ ቆማለች፤ ከሥሯ ነጥብ አለ።" ወረድሁ። አዱኛ ስለ ድስት የነገረኝ ትዝ አለኝ፤ ጎማ ነው። ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእግሬ መታሁ። ጎማን በእግር መምታት ምን እንደሚያስረዳ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፤ እኔ ግን የሚመታ ሰው ሁሉ ከመታ በኋላ አንገቱን እንደሚነቀንቅ ስላየሁ አንገቴን ነቀነቅሁ። ነፋስ መውጫ ከተማ ስንደርስ ጎማ ቤት አንዱን አስነፋንና ድስቷ ጠፋች። የኔታ ኮሩ። "አየህ፣ ነጥብ ያለው ነገር አይናቅም" አሉኝ።

መንገድ ላይ ግን ደጋግመው ያስቆሙኛል። "ልጄ፣ እስቲ አንዴ" ይላሉ፤ ጋቢያቸውን ሰብስበው ከቁጥቋጦ ኋላ ይሄዳሉ፤ ቆይተው ይመለሳሉ። ሽማግሌ ናቸው፣ ደጋው ብርድ ነው ብዬ አለፍሁት። ሲመለሱ ጥቂት ዝም ማለታቸውን አይቻለሁ። እሱንም ስም አወጣሁለትና አለፍሁት፤ መንገድ አድክሟቸው ነው አልሁ። ጠዋት ጠዋት ስለሌላው ሰው የምሰብከውን እኔው መኪና ውስጥ ተቀምጬ አደረግሁት።

አስፋልቱን ይዘን ወደ ጉና ተራራ ስንቃረብ አንድ ገበሬ መንሹን ይዞ መካከል ላይ ቆመ። ገብሱን መንገዱ ላይ አስጥቶታል። የእኛ አገር ሰው ብልህ ነው፤ በሬ አውድማ ላይ ከሚያለፋ የመንግሥት መኪናና የሰው መኪና በነፃ ያበራይለታል። ሹፌሮች እያማረሩ ያልፉበታል። እኔም አልፌ ልሄድ ነበር፤ ሰውየው ግን ጥምጥሙን አየና ባርኔጣውን አውልቆ መስኮቱ ላይ ተደፋ።

"የኔታ! ይመርቁኝ አባቴ! እንደው ከመጣችሁ አይቀር መለስ ቀለስ ብትሉልኝ፤ ዛሬ ደግሞ መኪና ጠፋ።"

ዓይኔን ወደ የኔታ ሰረቅሁ። "እህል ነው ልጄ፣ እንቢ አይባልም" አሉ።

ስለዚህ አበራየሁ። የሰው አዲስ መኪና፣ ያውም የኤሌክትሪክ፣ ገብስ ላይ ወዲያና ወዲህ አመላለስሁ። ወደ ኋላ ስሄድ የአንዲት ቻይናዊት ሴትዮ የተቀዳ ድምፅ ከሰሌዳው ውስጥ ይቆጣኛል፤ ወደ ፊት ስሄድ እስጢፋኖስ ቲን ቲን ይላል፤ ገበሬው ከጎን ከጎን እየሮጠ ገብሱን በመንሹ ይገለብጣል፤ የኔታ በመስኮት ይመርቃሉ። ሰውየው በመጨረሻ ዛላውን በመዳፉ አሸት አደረገና ቅር አለው። "ቀለለች" አለ። "ድንጋይ ብንጭንባት ምን ይመስልሃል?" ይህን ያልሰማሁ መምሰሌ የዚያ ቀን ብቸኛው አስተዋይ ሥራዬ ነው። መርቆ ሸኘን። ገለባው ከመኪናዋ ሥር እየተጠቀለለ ወዴት እንደገባ ያየ አልነበረም።

የጉናን ዳገት ጀመርን። ቁልቁለት ላይ ራሷን የምትሞላ መኪና ናት፤ ይህ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል፤ የእኛ አገር በቅሎም ቁልቁለት ላይ እንዲህ ብትጠግብ ጥሩ ነበር። ዳገቱ ላይ ግን ጉልበቷ እየራቃት መጣ። ነዳጁን ረገጥሁ ልል ነበር፤ ነዳጅ እንኳን የላትም። የምትረገጠዋን ነገር እስከ ወለሉ ረገጥኋት። መኪናዋ ይባስ ብላ አዘገመች።

"አለ!" አሉ የኔታ። "ቢጫ ነው። ኤሊ ናት።"

"ምን?"

"ኤሊ ነዋ! ድንጋይ የለበሰች ኤሊ። እግርም አላት።"

የጭነት መኪና አለፈን። አውቶቡስ አለፈን። እንጨት የጫነች አህያ እንኳን ጎናችን ደረሰችና ለጥቂት ጊዜ አብረን ተጓዝን፤ ከዚያ እሷም አለፈችን፤ ባለቤቷ ዞር ብሎ በኀዘኔታ አየን። ስልኬ ላይ መስመር ሲመጣ ለአዱኛ ደወልሁለት። ስለ ኤሊዋ ስነግረው ሳቀ።

"ኤሊ ጉልበት ቀንሻለሁ ማለቷ ነው" አለኝ። "ግን በራሷ አትመጣም፤ ያመጣት ነገር አለ። ቀይ የበራ የለም?"

"የለም፤ የኔታ እየተከታተሉልኝ ነው። የኔታ፣ ከኤሊዋ ሌላ የበራ አለ?"

"አዲስ የለም" አሉኝ ረጋ ብለው። "ቀዩማ ከገብሱ ጀምሮ አለ፤ እሱ ክቡር ነው፤ እሱን ምን ብዬ እነግርሃለሁ።"

ስልኩን ዘጋሁት። ጥግ ይዤ ጋቢያቸውን ገለጥሁት። ሰሌዳው ላይ፣ ከእስጢፋኖስ ጎን፣ አንድ ቀይ ምልክት ቦግ ብሏል። ሙቀት መለኪያ ነው፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ፣ ጎኑ ላይ ጭረት፣ ከሥሩ የሚናወጥ ውኃ። የእሱም ጩኸት እስጢፋኖስ የሚያሰማው ቲን ቲን መስሎኝ ኖሯል።

"የኔታ! ይህን ለምን አልነገሩኝም?"

"ጥምቀት ነው እኮ" አሉ፤ ግራ ገብቷቸው። "መስቀል በውኃ ላይ ቆሞ። ወሩም ጥር፣ የምንሄደውም ለክርስትና። በቀይ ሲበራ እጅ ነሣሁ፤ ዝም ብዬ ጸሎቴን አደረስሁ። ብራና ላይ በቀይ ቀለም የሚጻፈው እኮ የእግዚአብሔር ስም፣ የእመቤታችን ስም፣ የቅዱሳን ስም ነው። ጥቁሩን አንብብ፣ ቀዩን አክብር ተብለን ነው ያደግነው። ቢጫ ነው የማላውቀው፤ ስለዚህ ቢጫውን ነገርሁህ።"

ለእሳቸው ዕድሜ ልክ ቀይ ማለት ክብር ነው፤ ለአዱኛ ቀይ ማለት ቁም ነው። ሁለቱንም የማውቅ እኔ ነበርሁ፤ መካከላቸው ተቀምጬ አንዱን ለሌላው ያልነገርሁትም እኔው ነኝ። መኪናዋን አጥፍቼ ወረድሁ። ከፊት ከአፍንጫዋ ሥር አጎንብሼ ሳይ ማቀዝቀዣዋ ነፋስ የሚያስገባበት ወንፊት በገብስ ገለባ ግጥም ብሏል። በዚያ በጉና ብርድ፣ ጆሮ በሚቆርጥ ነፋስ፣ መኪናችን በሙቀት ልትሞት ነበር። መሬት ላይ ተንበርክኬ ገለባውን እፍኝ በእፍኝ አወጣሁ፤ የኔታም ወርደው ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ያግዙኝ ጀመር። ሳቅ ያዘኝ። እሳቸውንም ያዛቸው። መንገደኛው ምን እንዳለን አላውቅም፤ ጥምጥም ያደረጉ መምህርና አንድ አማች መኪና ሲያስተነፍሱ ያየ የመጀመሪያው ነው።

ቁጭ ብለን እስክትበርድ ጠበቅን። የኔታ ሳቃቸው ሲያባራ ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

"እንግዲህ በመኪና ቀይ ማለት ቁም ነው?"

"አዎ የኔታ። ቢጫ ይቆያል፤ ቀይ አይቆይም። ቀይ አይቶ የሄደ ሞተሩን ያቃጥላል።"

"መሄድ ከቻለችስ? እኛ እኮ ይዘናት መጥተናል።"

"መሄዷ ነው የሚያሳስተው። ደኅና ትመስላለች።"

ከጉና አናት የሚወርደው ጉም እያየነው ተጠጋን። መሬቱን በመቋሚያቸው ጫፍ ጫር ጫር አደረጉና ፊታቸውን ከእኔ መልሰው ተናገሩ።

"እኔም ቀይ አይቻለሁ ልጄ።"

"ምን አሉኝ?"

"ከኅዳር ሚካኤል ወዲህ ውኃ ሽንቴ ቀይ ነው። አያመኝም። ቢያመኝማ ለስመኝ እነግር ነበር። ዝም ብሎ ቀይ ነው። መጀመሪያ ያየሁ ለት ደነገጥሁ። ኋላ ግን…" መሬቱን እንደገና ጫር አደረጉ። "ኋላ ግን ጌታ ስሜን በቀይ የጻፈው መሰለኝ። ጠራኝ አልሁ። ጠርቶኝ ሳለ ሐኪም ቤት ልሂድ ማለት ደግሞ ነውር ነው። ደስ ብሎኝ ነው ዝም ያልሁት፤ ፈርቼ አይደለም።"

ሳያም የሚመጣ ቀይ ምን ሊሆን እንደሚችል አውቃለሁ፤ አትቆዩ ብዬ ከማስተምራቸው ምልክቶች ሁሉ እሱን ነው አብዝቼ የምፈራው። ከአጠገቤ ተቀምጠው ደጋግመው ከቁጥቋጦ ኋላ ሄደው ሲመለሱ አይቻቸዋለሁ። ተናደድሁ፤ በማን እንደተናደድሁ ግን አላወቅሁም። አንድ ነገር ብቻ አውቄአለሁ፤ አሁን በዘዴ የሚባለውን ነገር ትቼ መናገር አለብኝ።

"የኔታ፣ ቀዩ ቁም ብሎዎት ከሆነስ? ና ብሎዎት እንደሆነ ማን ነገረዎት?"

ቀና ብለው አዩኝ።

"ምልክት አሳስቼ አነበብሁ ነው የምትለኝ?"

አንዲት ጭረት የዘለለ ተማሪ ከፊታቸው በሰላም እንደማይነሣ አውቃለሁ። "አዎ የኔታ፤ ተሳስተዋል" አልኋቸው። ጋብቻዬን ለመፍታት የሚበቃ ቃል ነው። እሳቸው ግን ጢማቸውን ዳሰሱ፣ ከዚያ ፈገግ አሉ።

"እንዲህ ያነበበው ተማሪ ቢሆን እገርፈው ነበር" አሉ።

መኪናዋ በርዳ ነበር። ስናስነሣት ሁሉም መብራት ቦግ ብሎ ጠፋ፤ ኤሊዋም ጥምቀቱም የሉም። የቀረው እስጢፋኖስ ብቻ ነው። ክርስትናው እሑድ መሆኑን፣ ዛሬ ከማንም ቤት በፊት ሆስፒታል እንደምንገባ ነገርኋቸው።

"ሰኞ አልነበረም እንዴ የምትወስደኝ?" አሉኝ።

"ያውቁ ነበር?"

"ስመኝን የወለድኋት እኔ አይደለሁም? ሰኞ አልሄድም የምልበትን ቃል እንኳን አዘጋጅቼ ነበር" አሉ። የተዘጋጀውን ቃል ሳልሰማው ቀረሁ፤ ጥሩ ቃል እንደነበረ ግን አልጠራጠርም።

በዚያው ዕለት የደብረ ታቦር ሐኪሞች አዩዋቸው። ፊኛቸው ውስጥ የበቀለ ነገር አገኙ። ወደ ባሕር ዳር ተላክን፤ ስመኝ መጣች፣ አዱኛ ሥራውን ዘጋ፣ የበቀለው ነገር ወጣላቸው። ሐኪሙ "ሥር ሳይሰድ መጣችሁ" ሲል ስመኝ እጄን እንዴት አድርጋ እንደጨበጠችኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ነገሩ ፈጽሞ አለቀ ማለት አይደለም፤ በየጊዜው እየተመለሱ መታየት አለባቸው። ክርስትናው ላይም አልደረሱም። ሕፃኑን ሆስፒታል አምጥተን አልጋቸው ላይ አስታቀፍናቸው፤ በለሆሳስ አዜሙለትና ጮኸባቸው። "ድምፅ አለው" አሉ ደስ ብሏቸው።

ከፋሲካ በኋላ የአዱኛን መኪና ደግሜ ተውሼ ቤተ ልሔም ሄድሁ፤ የቀጠሮ ቀናቸውን ላስታውሳቸው። የኔታ ከዛፍ ሥር ተማሪ ሲያርሙ አገኘኋቸው። አንገታቸው ወደ ኮሌታቸው ተመልሷል። እሺ፣ በቀጠሮው ቀን እሄዳለሁ አሉ፤ ተመስገን ብቻ ብለው አላለፉትም። ሊሸኙኝ እስከ መኪናዋ መጡ። ገባሁ፣ አስነሣሁ፣ በችኮላ ልንቀሳቀስ ስል መስኮቱን በመቋሚያቸው ኳኳ አደረጉ። ዝቅ ብለው ወደ ሰሌዳው አዩ። መጀመሪያ እጅ ነሡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ተቆጡኝ።

"ቀይ በርቶ ወዴት ትሄዳለህ? እስጢፋኖስ ቆሞ ይጠብቅሃል፤ ታጠቅ እንጂ!"

ታጠቅሁ። የኔታ መብራቱ መጥፋቱን እስኪያዩ ድረስ ከመስኮቱ አልራቁም።